በኮፍያ ወንድ ስለ ተባሉት አራት ሴት ዶሮዎቻችን

ለተከበሩ የጓሮ እንስሳት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ኮፍያዎ ወንድ ያላቸው አራት ሴት ዶሮዎች ከቅዳሜ በፊት እንዲመለሱልን ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በተለይም ለቀኝ ክንድዎ ደኅንነት ያለኝን ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ክንድዎን ለይቼ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጽሕፈት ቤትዎ የዜጎችን ዶሮ ጾታ የሚለየው በዚያ ክንድ ስለሆነ፣ አንድ ቀን ወለም ቢለው የከተማው ዶሮ ሁሉ ወንድም ሴትም ሳይባል መሐል ላይ እንዳይቀር ስለምሰጋ ነው። እኔና አባቴ፣ ሴት መሆኗን በማኅተምዎ ካረጋገጡልን አንድ አውራ ዶሮ ጋር፣ ደኅና ነን ለማለት እየሞከርን ነው።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት እስካሁን ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች ሁሉ «ለሚመለከተው» እየተባሉ ስለተመሩ፣ የሚመለከተውም ሰው እርስዎ ስለሆኑ፣ እርስዎም ስለማይመለከቱ ነው። በዚህ መካከል ቅዳሜ እየደረሰ ነው። ቅዳሜ የሠራተኞችዎ የዓመት ግብዣ እንደሆነና ከየጓሮው የተሰበሰቡት «አውራ ዶሮዎች» በዚያን ቀን ወደ ድስት እንደሚገቡ የበር ጥበቃዎ ነግረውኛል። «እህቴ፣ አንድ ነገር ማድረግ ካለብሽ ቶሎ በይ፤ ሽንኩርቱ ሁሉ ተገዝቷል» ነው ያሉኝ። የእኛዎቹም አራቱ በሰልፉ ውስጥ አሉ፤ አራቱም ሴቶች ናቸው። ነገሩ ከሥሩ ካልተነገረ ስለማይገባ፣ ትዕግሥትዎን በመለመን ከሥሩ እጀምራለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አባቴ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ጡረተኛ ነው። አገር ሁሉ ተኝቶ ሳለ ተነሥቶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ኮፍያውን ደፍቶ መውጣት የለመደ ሰው ስለሆነ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም መንገድ እንዳለበት ሰው ማልዶ እየተነሣ እናቴን እንቅልፍ ይነሣት ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ግን የሚያውከው ሰው አጣ መሰለኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ቁርስ ሳቀርብለት «ቆይ» ይላል፤ ምሳ ሳቀርብለት «ቆይ» ይላል፤ ማታ ሁለቱንም እንደነበሩ አነሣለሁ። በስፌት መኪናዬ ላይ ተጎንብሼ ያለቀስኩባቸውን ቀናት ለእርስዎ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ጽሕፈት ቤትዎ የሚቆጣጠረው እንስሳትን ብቻ ነውና።

በግቢያችን ተከራይታ የምትኖር የሌሊት ተረኛ ነርስ አለች፤ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። መላውን የዘየደችው እሷ ናት። «አባባን ሌላ ነገር አላመመውም፣ የሚጠብቀው አጥቶ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ተነሥቶ የሚያበላው ነገር አምጪለት» አለችኝ። እኔም ከአንዲት ጫጩት ነጋዴ አምስት ታዳጊ ዶሮዎች ገዛሁ። ነጋዴዋ «አምስቱም ሴት ናቸው፣ እናቴ ትሙት!» ብላ ምላልኛለች። የእናቷን ጤንነት እስካሁን ደፍሬ አልጠየቅሁም።

ክቡር ሆይ፣ አባቴ ተነሣ። የድሮ የሥራ ኮፍያውን ከተሰቀለበት አውርዶ፣ ጥሬ ሞላበትና ወደ ጓሮ ወጣ። «ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ! በር ላይ አትቁሙ፣ ቦታ አለ!» የሚለውን ድምፁን ከመኪናዬ ላይ ሆኜ ስሰማ መርፌው ጣቴን ወጋኝ፤ ደስ እያለኝ ደማሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዶሮዎቹ ሌላ ሳህን አያውቁም። ለእነሱ ኮፍያ ማለት ምግብ ነው፤ መሬት ከመንካቱ እየተሽቀዳደሙ መጥተው ይከቡታል። ሁሌም የምትቀድመውንና የሰው እጅ ሳትፈትሽ የማታልፈውን አንዷን አባቴ «ቲኬት ቆራጯ» ብሎ ሰየማት። አንዷ ብቻ እጅግ ፈሪ ነበረች፤ እህቶቿ እስኪጠግቡ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ሥር ተደብቃ ትቆይና የተረፈውን ትለቅማለች። እሷን «ሙሽሪት» አላት።

እውነቱን ለመናገር ከአምስቱ የትኛው ወንድ፣ የትኛዋ ሴት እንደሆነች እኛም አናውቅም ነበር። ጫጩትነትን ጨርሰው ዶሮነትን ባልጀመሩበት በዚያ ዕድሜ፣ አንገትና እግር ብቻ ሆነው፣ ላባቸው ብል እንደበላው ብርድ ልብስ ቦታ ቦታ ጎድሎ ሲታዩ፣ ሁሉም አንድ ናቸው። ሲስተር የአንገቱ ላባ ጫፉ ከሾለ ወንድ፣ ከከበበ ሴት ሲባል ሰምታ ነበር፤ ነገር ግን ከሌሊት ሥራ መልስ ዓይኗን እንቅልፍ ሞልቶት ስታያቸው አምስቱም ሾለውባታል። እኔ ደግሞ የወንዱ ቅልጥም ይወፍራል የሚል ወሬ ይዤ፣ የልብስ ሜትሬን አውጥቼ አንድ በአንድ ለካኋቸው፤ በዚያ ልኬት እንኳን ጾታ ካልሲም አይወጣም። አባቴ በበኩሉ ጠባይ አይቶ፣ ሌሎቹን ባላውቅም ሙሽሪት ሴት ለመሆኗ እጄን እቆርጣለሁ ይል ነበር። ሦስታችንም ስተናል። በእኛና በእርስዎ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፤ እኛ ባለማወቃችን ላይ ማኅተም አላደረግንበትም።

ቅሬታዎቼን እንደ ሥርዓቱ በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

፩ኛ) በመኖሪያ ግቢ ሴት ዶሮ ማርባት የተፈቀደ፣ አውራ ዶሮ ማኖር ግን የሰው እንቅልፍ ስለሚያውክ የተከለከለ መሆኑን የሚደነግገውን መመሪያዎን አከብራለሁ፤ ቀን ቀን የምትተኛው ሲስተር ደግሞ ከእኔ ይበልጥ ታከብረዋለች። ይህንኑ ለማስፈጸም እርስዎ ራስዎ ከጸሐፊዎና ከማኅተምዎ ጋር ጓሯችን ድረስ በመጡ ቀን የተሰማን ኩራት ቀላል አልነበረም፤ አባቴ እንዲያውም ጢሙን ተላጭቶ ነው የጠበቀዎት። በጽሕፈት ቤትዎ ኮሪደር ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ትልቅ ሥዕል ወረፋ ስጠብቅ ደጋግሜ ስላነበብኩት፣ ምን እንደሚያደርጉ አስቀድሜ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ሥዕሉ ታዳጊው ዶሮ በእጅ ተይዞ የአንገቱና የወገቡ ላባ፣ የጉትዬው ቅላት፣ የጅራቱ አበቃቀል እንዲታይ፣ በዚህም ካልለየ ጥቂት ሳምንታት ታግሦ መጠበቅ እንደሚሻል ይመክራል። ሥዕሉን ያሳተመው የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ነው።

እርስዎ ግን ከሥዕሉ የበለጠ ጥበብ ይዘው ኖሯል የመጡት። ባለ ዓርማ ኮፍያዎን ከራስዎ አወለቁና «ወንድ ደንግጦ አይሸሽም፣ ሴት ቆማ አትጠብቅም፤ አያቴ እንዲህ ነበር የሚለዩት» ብለው ለጸሐፊዎ አስረዱ፤ ከዚያም ክንድዎን ወደ ኋላ ስበው በመሐላቸው ወረወሩት። ሙሽሪት ነፍሴ አውጪኝ ብላ ከሳፋው ሥር ገባች። አራቱ ግን መሸሽ ቀርቶ እየሮጡ መጥተው ኮፍያዎን ከበቡት፤ ቲኬት ቆራጯ እንዲያውም ዓርማውን በመንቆሯ ጠቅ ጠቅ አድርጋ ፈተሸችው። «አራት ወንድ፣ አንድ ሴት» ብለው ፈረዱ፤ ጸሐፊዎ ጻፉ፤ ማኅተሙ ተመታ፤ አራቱ እግራቸው ታስሮ ተወሰዱ። ነገሩ ሁሉ አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪበርድ እንኳ አልፈጀም። እኔ በሙያዬ ሁለት ጊዜ ያልለካሁትን ጨርቅ አልቆርጥም፤ የእርስዎን ፍጥነት ያየሁት ግን እንደ ሙያ ባልደረባ ሳይሆን እንደ ጨርቁ ሆኜ ነው።

፪ኛ) አባቴ በዚያን ቀን አንድ ነገር ሊነግርዎ ሞክሮ ነበር። «ጌታዬ፣ እነዚህ እኮ የሚበሉት ከኮፍያ ነው፤ ኮፍያ አይፈሩም፣ ይኸው የራሴን ላሳይዎት» ብሎ ኮፍያውን ሊያመጣ ሲሄድ፣ እርስዎ «አባት፣ ሥራችንን እንሥራበት» ብለው መለሱት። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ «ሾፌር፣ ሥራህን ሥራ» ሲባል የኖረ ሰው ስለሆነ እጁን አጣምሮ ቆመ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ የእኛዎቹን ግን ያታለላቸው ሰው የለም። የወደቁት ኮፍያ ያደረገ ሰው ሁሉ የሚያበላቸው መስሏቸው ነው።

እዚህ ላይ በሳይንስዎ ላይ አንዲት ትንሽ ጥያቄ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ። ኮፍያ ሲወረወር ያልሸሸ ሁሉ ወንድ፣ የሸሸም ሁሉ ሴት ከሆነ፣ በዚያን ጊዜ ጓሮው ውስጥ ከነበርነው ሰዎች መካከል እኔ ከቦታዬ ንቅንቅ አላልኩም፤ ባለ ሪዙ ጸሐፊዎ ግን ገና ክንድዎን ሲያነሡ አንገታቸውን ቀብረው ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ማፈግፈጋቸውን በዓይኔ አይቻለሁ። ይህ በማኅደራቸው ውስጥ ተመዝግቦ እንደሆነ አላውቅም። እሳቸውን ለመንካት ብዬ አይደለም፤ ከእርስዎ ጋር ሲሠሩ ከኖሩ ያን ኮፍያ ከዶሮዎቻችን ይልቅ ቢያውቁት አይፈረድባቸውም።

፫ኛ) ጥቂት ሳምንታት አለፉ። ሙሽሪት የሚሻማት ጠፍቶ ብቻዋን መብላት ስትጀምር ደረቷ ሰፋ፣ ጉትዬዋ ቀላ፣ ጅራቷ እንደ ማጭድ ጎበጠ፤ ከዕለታት አንድ ቀን ማለዳ ላይም፣ ሲስተር ከሥራ ገብታ ጋደም ከማለቷ፣ በመስኮቷ ሥር ቆጡ ላይ ወጥታ ጮኸች። የመጀመሪያ ቀን የታነቀች መስሎን ውኃ አጠጣናት። በማግስቱ ግን ኩኩሉዋ ጠርቶ ወጣ፤ አባቴም እጁን እንደማይቆርጥ በትሕትና አስታወቀ።

ሲስተር ሕግ አክባሪ ናትና አመለከተች። ከጽሕፈት ቤትዎ የመጣላትን መልስ ስፌት ቤቴ ውስጥ ቆማ አነበበችልኝ፤ እንዲህ ይላል፦ «በመዝገባችን መሠረት በተጠቀሰው ግቢ የምትገኘው አንዲት ሴት ዶሮ ብቻ ስለሆነች፣ ሴት ዶሮም ስለማትጮኽ፣ አቤቱታው ተቀባይነት የለውም።» ሲስተር ወረቀቱን አጥፋ ከጨረሰች በኋላ «ኃላፊውን አንድ መርፌ ብቻ ልውጋው፤ የቫይታሚን ነው እለዋለሁ» አለችኝ። ይህን ለመፍቀድ ሥልጣኑ እንደሌለኝ ነገርኳት፤ ለመከልከልም ጉልበቱ እንደሌለኝ አልደበቅኋትም።

ይህ አልበቃ ብሎኝ ሙሽሪትን በቅርጫት ይዤ ራሴ ላስረክብ መጣሁ። ከመስኮቱ ጀርባ የነበሩት ሠራተኛዎ ማረጋገጫውን አይተው፣ ከዚያም ቅርጫቱን ገልጠው አይተው፣ ከዚያም ደግመው ማረጋገጫውን አይተው፣ ጽሕፈት ቤቱ ሴት ዶሮ ከባለቤቷ የሚቀበልበት አሠራር እንደሌለው በጨዋ ደንብ አስረዱኝ። ይህን ሲነግሩኝ ሙሽሪት ቅርጫቱ ውስጥ ሆና ትጮኽ ስለነበር እንድንሰማማ ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ ነበረባቸው። እርስዎ ከግቢያችን የኋላ ግንብ ማዶ ቢኖሩም፣ የሲስተር መስኮት በፊት በኩል ስለሆነና በመካከላችን ረጅም ቤት ስላለ፣ ይህ ሁሉ ጩኸት እስካሁን አልደረሰዎትም። እንኳን ደስ አለዎት።

፬ኛ) ይህኛውን በሦስት መስመር ልጨርሰው አስቤ ነበር፤ አልተቻለኝም። ከብዙ መመላለስ በኋላ ይግባኜ ተሰምቶ በጽሕፈት ቤትዎ ግቢ ድጋሚ ምርመራ ተፈቀደ። አባቴ በዳኝነቱ ላይ ተጽዕኖ እንዳያሳድር ብሎ ኮፍያውን ቤት ትቶ መጣ። ዶሮዎቹ በሽቦው ውስጥ ሆነው ሲያዩት ተንጫጩ፤ እሱም ሰው ይስማኝ አይስማኝ ሳይል «እንዴት ናችሁ ልጆች፣ መንገዱ እንዴት ነው?» አላቸው። ጎናቸው ሞልቶ፣ የአንገታቸው ላባ ለስልሶና ከብቦ፣ አንድ እንኳ ማጭድ ጅራት ያላት በመካከላቸው አልነበረችም። እኔም በተቻለኝ ትሕትና፣ ሥዕልዎ እንደሚለው በእጅ ተይዘው እንዲታዩ፣ ይህ ካልሆነም ከኮፍያ በቀር ሌላ ማንኛውም ዕቃ፣ ጫማም ቢሆን፣ ቢያስፈልግ የእኔው ጫማ እንዲወረወር ለመንኩ። «መመሪያ እንደ ሰው አይለዋወጥም» ብለው ኮፍያዎን ወረወሩ። እየሮጡ መጡ።

በዚህ መሐል ስልክዎ ጮኸ። የደወለው የቅዳሜውን ወንበር የሚያከራየው ሰው ኖሮ፣ ጀርባዎን ሰጥተውን ስለ ወንበሩ ብዛት፣ ስለ ጠረጴዛው ልብስና የክብር እንግዶቹ ከማን አጠገብ እንደሚቀመጡ በሰፊው ተነጋገሩ። እርስዎ እንግዶችዎን ሲያስቀምጡ ቲኬት ቆራጯ ኮፍያዎ ውስጥ ገባች። አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ዞረች፤ የውስጡን ገበር በእግሯ አስተካከለችና ተቀመጠች። ስልኩን ጨርሰው ሲዞሩ «አንሡልኝ ይቺን!» አሉ፤ አነጋገርዎ ያን ጊዜ በሴት እንደነበር ልብ ብያለሁ። ጥበቃዎ አነሧት። ከሥሯ ያልበረደ እንቁላል ነበር። ጥበቃዎ «እሰይ!» ካሉ በኋላ ወዲያው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ፤ አባቴ እንደ ሕፃን ልጅ በጣቱ ብቻ አሳየዎት።

ውሳኔዎ በማግስቱ ደረሰን፦ «በኮፍያው ውስጥ የተገኘው እንቁላል ከምርመራው በፊት በኮፍያው ውስጥ ያልነበረ ስለመሆኑ ማስረጃ ስላልቀረበ፣ ዶሮዎቹም ለሁለተኛ ጊዜ ባለመሸሻቸው፣ የቀድሞው ውሳኔ ጸንቷል።» ከምርመራው በፊት ኮፍያው በራስዎ ላይ እንደነበር ሁላችንም እንመሰክራለን። በዚያን ጊዜ ውስጡ ምን እንደነበረ ግን ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እኔም ስለ ራስዎ ይዘት ያልተጣራ ነገር አልናገርም።

፭ኛ) አምስተኛው ቅሬታ አይደለም፤ በየትኛው መስኮት እንደሚቀርብም አላውቅም። ውሳኔውን ካነበብኩለት ቀን ጀምሮ አባቴ ተመልሶ ተኛ። ኮፍያውን ከነጥሬው አልጋው ሥር አስገብቶታል። ሙሽሪትን የማበላት እኔ ነኝ፤ እሷም እኔን ስታይ ትሸሻለች። ቁርስ ሳቀርብለት «ቆይ» ማለት እንደገና ጀምሯል፤ ትናንት ደግሞ እሱንም ተወው። ክቡር ሆይ፣ ቀልዱ እዚህ ላይ ያልቅብኛል። እኔ እፈራለሁ። አንድ ጊዜ አምስት ዶሮ አስነሥቶልኛል፤ አራቱ ቅዳሜ ድስት ውስጥ ከገቡ ግን ሁለተኛ የሚያስነሣው ነገር ከየት እንደማመጣ አላውቅም። እናቴን ቀብሬያለሁ፤ አባቴን ደግሞ በሕይወት እያለ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ማየት ሰልችቶኛል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይባላል፤ እኔ ግን የማለቅሰው ድስቱ ሳይጣድ ነው፤ ስለዚህ ገና ጊዜ አለዎት።

ምስጋናዬን ሳላቀርብ ብዘጋው ውለታ ቢስ እባላለሁ። ፈሪውን አውራ ዶሮ በሴትነት አክብረው ስላኖሩልን፣ ደፋሮቹን ሴቶች በወንድነት ማዕረግ እስከ ወጥ ቤት ድረስ ስላሳደጉልን፣ ሲስተር ላጣችው እንቅልፍ ቁጥርና ቀን ያለበት ደብዳቤ ስለተኩላት፣ አያትዎንም ከነጥበባቸው ስላስተዋወቁን ከልብ እናመሰግናለን። አያትዎ ስንት ጊዜ እንደተሳሳቱ ባይነግሩንም፣ ቢሳሳቱ እንኳ ማኅተም ስላልነበራቸው ጉዳቱ ከጓሯቸው አያልፍም ነበር ብለን እንገምታለን።

የምለምነው ብዙ አይደለም። አራቱን ይመልሱልን። እነሱ በመጡ ዕለት ሙሽሪትን ሜዳ ላለው ለሲስተር ዘመድ እንሰጣታለን፤ መመሪያዎም ይከበራል፣ ግቢውም ይተኛል። ውሳኔው ስሕተት ነበር ተብሎ ይጻፍ አልልም፤ የሰው ክብር እንደ ዶሮ ላባ አንዴ ከተነጨ ቶሎ እንደማይበቅል አውቃለሁ። «አራቱ ወንዶች በጽሕፈት ቤቱ በተደረገላቸው ልዩ እንክብካቤ ሴቶች ሆነዋል» ተብሎ ቢጻፍ እኔም፣ አባቴም፣ ሲስተርም በደስታ እንፈርማለን።

ኮፍያዎ ከራስዎ፣ ማኅተምዎ ከእጅዎ እንዳይለይ፣ የሚወረውሩትም ሁሉ ከሚገባው ቦታ እንዲያርፍ እየተመኘሁ፣ በቆምኩበት ሳልሸሽ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
ልብስ ሰፊዋ፣
ማኅተም ያላት የአንዲት አውራ ዶሮ ጠባቂ

ግልባጭ፦
ለሠራተኞች ክበብ ወጥ ቤት፣ ቢላዋው ለጊዜው እንዲቆይ
ለበር ጥበቃው፣ «እሰይ» ስላሉ
ለጫጩት ነጋዴዋ እናት፣ ካሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ፖስታ ውስጥ ልከተው ስል ከጓሮ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ወጥቼ ባይ አባቴ ነው። ለሲስተር ጮክ ብዬ ሳነብላት በግድግዳው በኩል ሰምቶኝ ኖሯል። ጫማውን አድርጎ፣ ሚስማር በከንፈሩ ይዞ፣ የሙሽሪትን ቆጥ ከሲስተር መስኮት ሥር ነቅሎ፣ ከእርስዎ መኝታ ቤት ጋር በሚያዋስነን የኋላ ግንብ ጫፍ ላይ እየመታው ነበር፤ ሲስተርም እንቅልፏን ትታ አንዱን ጎን ይዛለታለች። ሕግ መጣስ እንዳይሆን ብዬ ስጠይቀው ማረጋገጫውን እንዳመጣ አዘዘኝ፤ አምጥቼ ከማኅተሙ በላይ ያለውን «ሴት» የሚለውን ቃል አነበብኩለት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ ሳቁን ስሰማ ከእናቴ ቀብር ቀን ይበልጥ አለቀስኩ። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ነገ ጎሕ ሳይቀድ ከራስጌዎ በኩል አንድ ድምፅ ቢሰሙ፣ ሴት ዶሮ ስለማትጮኽ ምንም አልሰሙም። ደንግጠው ከአልጋዎ እንዳይሸሹም አደራ፤ የሚሸሽ ምን እንደሚባል እርስዎ ያውቃሉ። አራቱ እስኪመለሱ ቆጡ ከዚያ አይነሣም። ይህችን መስመር ስጽፍ አባቴ የቆጡን በር ከፍቶ፣ ፊቱን ወደ መስኮትዎ አዙሮ ቆሟል፤ ሙሽሪትንም «ጮክ በይ እንጂ ልጄ፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም!» እያላት ነው።